ሁለቱ ባላዎች

«አንድ ቀዛፊ ነበረ» አሉ ጋሽ ደርበው።

ይህን ያሉት ለተጠየቁት ጥያቄ መልስ ነው። ጠያቂው ይታገሱ ይባላል፤ የክለቡ የግራ ክንፍ ተጫዋች፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። ያን ቀን ጠዋት ልምምድ ላይ የደረሰው ጓደኞቹ ሜዳውን አምስት ጊዜ ከዞሩ በኋላ ነበር። አሰልጣኙ አልተቆጣውም። ድሮ ይቆጣው ነበር። «አንተ ዛሬ መልበሻ ክፍል ተቀመጥ» አለው፤ ቀጥሎም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ለመጪው ዓመት እንደማያስበው ነገረው። ይታገሱ ወደ መልበሻ ክፍል ገብቶ ከጋሽ ደርበው አጠገብ ተቀመጠ።

ጋሽ ደርበው የቡድኑ ወጌሻ ናቸው። ከፋሲካ ጀምሮ ታመው ተኝተው ቆይተው ገና ባለፈው ሰኞ ነው ሥራ የገቡት። ቀኝ እጃቸው እንደ ቀድሞው አይጨብጥም። የቁርጭምጭሚት ማሰሪያዎቹን በግራ እጃቸው ይጠቀልሉ ነበር። ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ሐይቅ ዳር እንዳደጉ፣ በወጣትነታቸው ጆንያ ተሸካሚ እንደነበሩ ይወራል። ሲጠየቁ «ያለፈ ነው» ብለው ይተዉታል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«እግሬን ምን ነካው? አምና ተከላካዩን አልፌው ስሄድ ዞሬም አላይ ነበር። አሁን አሁን ትንፋሹን ከጆሮዬ ሥር እሰማዋለሁ። ሐኪም ቤት ሄጄ ምንም የለህም አሉኝ። ይኸው አዲስ ታኬታ ገዛሁ፤ ያው ነው። እማማ ደግሞ ዓይን ነው ይላሉ።»

«ትናንት ያመሸኸው የት ነው?»

«ኧረ ጋሼ! እሱን ይተዉት። አምናም እኮ የማመሸው እዚያው ነበር። እንዲያውም አምና ይብስ ነበር። አምና ግን አሥራ አራት ጎል አገባሁ። ማምሸቱ ከሆነ፣ አምና ለምን አልነካኝም?»

ይታገሱ ይህን ሲል አልዋሸም። ጋሽ ደርበውም ያውቃሉ። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበርና ወዲያው አልመለሱለትም። አንዱን ማሰሪያ ጠቅልለው ጨረሱ፤ ሌላውን አነሡ። ከዚያ ነው «አንድ ቀዛፊ ነበረ» ያሉት።

ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ነው። እንደ እርሱ ያለ ቀዛፊ በዚያ ሐይቅ ላይ አልታየም። ነፋስ ከየት በኩል እንደሚነሣ ውሃው ገና ሳይሸበሸብ ያውቀዋል። ሌሎቹ ከደሴቲቱ እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አርፈው ሲደርሱ፣ እርሱ አንድም ጊዜ ሳያርፍ እያፏጨ ይደርሳል።

የዚያ አገር ታንኳ እንጨት አይደለም። በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭደው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ጠፍረው ያስሩታል። ደርቆ ሳለ እንደ ገለባ ይቀላል። ነገር ግን ደንገል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ቀዛፊ ሁሉ ከሐይቅ ሲመለስ፣ ቢደክመውም፣ ቢርበውም፣ እንግዳ ቢጠብቀውም፣ መጀመሪያ ታንኳውን ጎትቶ ከውሃ ያወጣል። በባላ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል። ታንኳው ውሃውን እያንጠባጠበ ያድርና በማግስቱ ደርቆ ይገኛል። ቀዛፊው ወደ ቤቱ የሚገባው ይህን ካደረገ በኋላ ነው። ይህ ሥራ አያስመሰግንም፤ ቆሞ የሚያየውም የለም።

ይህ ቀዛፊ ግን ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ አያውቅም።

ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዳር ሲደርስ ሰው ይጠብቀዋል። ገና እግሩ መሬት ሳይረግጥ አንዱ መቅዘፊያውን ይቀበለዋል፤ ሌላው ትከሻውን ያቅፈዋል።

«ና አንተ አሞራ! ዛሬስ አረፍክ ወይስ አላረፍክም?»

«ለምን ልረፍ? ታንኳዬ ይደክማታል እንዴ?»

እንዲህ እየተሳሳቁ ጠላ ወዳለበት ቤት ይወስዱታል። ታንኳው አፍንጫው ጭቃው ላይ እንደ ተሰካ ይቀራል። በማግስቱ ጠዋት ሲመጣ ግን ደርቆ፣ ቀሎ፣ አፍንጫው ወደ ውሃው ዞሮ ይጠብቀዋል። እንዴት እንደ ደረቀ አንድ ቀንም አልጠየቀም። የተበላሸ ነገር ሲያጋጥመን ነው እንጂ፣ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ስናገኘው ማን አስተካከለው ብለን አንጠይቅም።

«የእሱ ታንኳ አይረጥብም ነበር እንዴ?» አለ ይታገሱ።

«እርሱም እንደ አንተ ነበር የሚያስበው» አሉ ጋሽ ደርበው። «ጥሩ ታንኳ ነው ይል ነበር።»

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበረ። በጥር ወር የደሴቲቱ ንግሥ ሲያበቃ፣ ቀዛፊዎች ሁሉ ከደሴቲቱ እስከ ዳር ይሽቀዳደማሉ። አንደኛ የወጣ ሰው የሙሽራ ቀዛፊ ይባላል። በዚያ ዓመት ውሃ ተሻግራ የምትዳር ልጃገረድ ሁሉ የምትሻገረው በእርሱ ታንኳ ነው። ሌላ ሽልማት የለውም፤ ከዚህ የሚበልጥ ክብርም በዚያ ሐይቅ ላይ የለም። ቀዛፊው አራት ዓመት በተከታታይ የሙሽራ ቀዛፊ ሆነ።

ታናሽ እህት ነበረችው። በአምስተኛው ዓመት ለደሴት ሰው ታጨች፤ ሠርጓም ከንግሡ በኋላ በስምንተኛው ቀን እንዲሆን ተቆረጠ። ልጅቷ ባሏን አልፈራችም። የፈራችው ውሃውን ነው። ሕፃን ሳለች ሐይቅ ውስጥ ወድቃ፣ ትንፋሿ ሊቆም ሲል ነው ያወጧት። ከዚያ ወዲህ እግሯን እንኳ ነክራ አታውቅም።

«ማነው የሚያሻግረኝ?» አለችው አንድ ቀን።

«ማን ይሆናል? እኔ ነኛ።»

«ካላሸነፍክስ?»

ሳቀ። «ማን አለና!»

«እንግዲያው ማል።»

«አባዬ ይሙት» አለ።

አባትየው በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። «አንተ ለመቅዘፍ፣ እኔ ለምን ልሙት?» አለው። ሦስቱም ሳቁ።

አባትየውም በጊዜው ቀዛፊ ነበር፤ ግን ተራ ቀዛፊ። አሸንፎ አያውቅም። ዝምተኛ ነው። ልጁ ሲወደስ ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ያዳምጣል፤ ከዚያ ሳይታይ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ልጁ ልብ ብሎ አያውቅም።

ጥቅምት ውስጥ አባትየው ወደቀ። ጭቃ አዳልጦት ወገቡን ተመታ። ሰዎች ተሸክመው አምጥተው መደብ ላይ አስተኙት።

«የት ነው የወደቅከው?» አለ ልጁ።

«ዳር።»

«ዳር ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«እንዲያው… ልይ ብዬ ነው።»

ልጁ ወጌሻ አስመጣ፤ ወገቡን አሳሸው፤ አጥሚት እየያዘ አጠገቡ ተቀመጠ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ አባትየው ሦስት ወር ከቤት አልወጣም። ከዚያ ቀን በኋላም ታንኳው አልደረቀም።

እዚህ ላይ ጋሽ ደርበው መጠቅለሉን አቆሙ።

በመጀመሪያው ወር ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ይህን አስተውል። ታንኳው ከብዶ ነበር፤ ቀዛፊው ግን ብርቱ ነውና ሳይታወቀው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ሳበ። ደረሰም። ደካማ ቀዛፊ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን ያውቀው ነበር። እርሱን ግን ክንዱ ክብደቱን ደበቀበት። ዳር የቆሙትም «እንዴት ያለ ክንድ ነው!» አሉ፤ እርሱም አመናቸው።

በሁለተኛው ወር አንድ ጊዜ ማረፍ ጀመረ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ። ጌሾ ያስጫኑት ነጋዴዎች «ምነው፣ ዕቃችን ረጠበ?» አሉት። «ሞገድ ነው» አላቸው። ሞገድ አልነበረም። ቀድሞ ከውሃው ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይሄድ የነበረው ታንኳ አሁን ስንዝር አይሞላም።

መቅዘፊያ ለወጠ። ትከሻውን በቅቤ አሳሸ። በሦስተኛው ወር ዓይን ነው ብለው ጠበል ወሰዱት፤ ክታብም አሠረ። ሁሉን ለወጠ። ታንኳው የሚያድርበትን ቦታ ብቻ አልለወጠም።

ይታገሱ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሳብ አደረገ። ታኬታው ገና የአዲስ ቆዳ ሽታ ነበረው።

በዚያ ዳር አንድ ሌላ ቀዛፊ ነበረ። አጭር፣ ደረቱ ጠባብ፣ ሰው ሁሉ አዝጋሚው የሚለው። ይህ ሰው ታንኳውን ሲያወጣ፣ ሲያገላብጥ፣ የላላውን ሲያጠብቅ ጀንበር ትጠልቅበታለች። ቀዛፊው በአጠገቡ ሲያልፍ ሳይነካካው አያልፍም።

«አንተ፣ አግብተሃታል እንዴ ይህችን ታንኳ?»

«አላገባኋትም» ይላል አዝጋሚው። «ግን ውሃ ላይ ከእርሷ ሌላ ማንም የለኝም።»

አንድ ቀን ግን ቀልዱን ትቶ «አባትህ እንዴት ሆነ? ሰሞኑን ዳር አላየሁትም» አለው።

«ተኝቷል። ደሞ እርሱ ዳር ምን ይሠራል?»

አዝጋሚው ቀና ብሎ አየው። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ተወው። በሰው አባትና ልጅ መካከል ምን አገባኝ ብሎ ወደ ታንኳው ተመለሰ።

ንግሡ ደረሰ። ታቦቱ ገባ። ቀዛፊዎች በደሴቲቱ ዳር ተሰለፉ፤ ታንኳዎቹ እንደ ቅል ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ የአንዱ ብቻ ሰመጥ ብሏል። የመነሻው ጩኸት ተሰማ፤ ተነሡ።

በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ቀዝፎ አያውቅም። ይህን ማንም አላወቀለትም፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። አራቱን ዓመት ሲያሸንፍ እንደዚያ አልቀዘፈም። ጥርሱን ነክሶ፣ መዳፉ እስኪላጥ፣ ዓይኑ እስኪጨልም ሳበ። አንዱ አለፈው። ሌላው አለፈው። እርሱ ራሱ መቅዘፍ ያስተማረው ልጅ አለፈው። ውሃው ከእግሩ በላይ ወጥቶ ጉልበቱ ዘንድ ደረሰ። ዳር የቆሙት ሰዎች ግን እንዲህ ተባባሉ፦

«ዛሬስ ጨርሶ አልቀዘፈም።»

«ጠግቦ ነው እንጂ! ንቆን ነው።»

አንደኛ የወጣው አዝጋሚው ነበር። ራሱም አላመነም። ዳር ደርሶ «የቀደመኝ ማነው?» እያለ ዞር ዞር ብሎ ይፈልግ ነበር። ተሸክመውት ሄዱ።

ቀዛፊው ዘጠነኛ ወጣ። መቅዘፊያውን የሚቀበለው ሰው አልጠበቀውም። ሁሉም ጭፈራውን ተከትሎ ሄዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከታንኳው ጋር ብቻውን ቀረ።

ታንኳውን ጎትቶ አውጥቶ ሊያቃጥለው አሰበ። አፍንጫውን ይዞ ሳበ። አልነቃነቅ አለው። ደግሞ ሳበ። እጁ ውስጥ አንድ እፍኝ ደንገል ተነቅሎ ቀረ፤ እርሱም ወደ ኋላ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ያ ሐይቁን ሲያቋርጥ የኖረ ክንድ የራሱን ታንኳ አንድ ክንድ ማንቀሳቀስ አቃተው። እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም።

ከኋላው የበትር ድምፅ ሰማ። አባትየው ነው። ከሦስት ወር በኋላ ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ፤ የታንኳውን አንድ ጎን ያዘ።

«ተው አባዬ! ወገብህ!»

«ከአፍንጫው አትያዝ። ይነቀላል። ከሆዱ ያዝ። እጅህን ከሥር አስገባና ከሆዱ።»

ልጁ እጁን ከሥር አስገባ።

«አሁን አትሳበው። አንሣና ገፋ አድርገው። ትንሽ ትንሽ።»

ትንሽ ትንሽ እያሉ፣ እያረፉ፣ አወጡት። አባትየው በአገጩ በአቅራቢያው ወዳለ አጥር ጥግ አመለከተ። እዚያ ሁለት ባላዎች ተተክለው ነበር። ልጁ ያውቃቸዋል። ሸሚዙን ሰቅሎባቸዋል፤ ፍየል አሥሮባቸዋል። የፈረሰ አጥር ትራፊ ይመስሉት ነበር። ታንኳውን አንሥተው ሲያስደግፉት ልክክ አለ። የባላዎቹ መሐል በመታሸት ብዛት አልቆ እንደ ቀንድ ይለሰልሳል። ከሥራቸው፣ ታንኳው በሚያንጠባጥብበት ልክ፣ መሬቱ ተቦርቡሮ ጠባብ ቦይ ሠርቷል።

ልጁ ቦዩን አየ። እንዲህ ያለ ቦይ በአንድ ዓመት አይቦረቦርም። እዚያው ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ከጀመርክበት ቀን ጀምሮ።»

«ብቻህን?»

«ትከሻ ካስገቡለት ለአንድ ሰው አያቅትም። ልማድ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

አባትየው ወገቡን ይዞ ከጎኑ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«ደክሞህ ነው የምትመጣው፤ ይረፍ አልኩ። ደግሞ ሰዉ ሲያነሣህ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። እኔን ማንም አንሥቶኝ አያውቅም። ከደስታው መሐል አውጥቼ ና ታንኳ ጎትት ልልህ አልሆነልኝም። በድዬሃለሁ። መቅዘፍ እግዜር ሰጥቶሃል። ይህን ግን ማስተማር የእኔ ፋንታ ነበር።»

ልጁ «ይደርቃል?» አለ። «ለሠርጉ ይደርሳል?»

አባትየው አውራ ጣቱን የታንኳው ሆድ ላይ ጫን አደረገ። ጣቱ ሰመጠ። ቡናማ ውሃ ወጣ፤ ሸተተ።

«ይህ አይደርቅም» አለ። «ውስጡ በስብሷል።»

«አዲስ ብንሠራስ?»

«ደንገሉ እስኪደርቅ ብቻ ወር ይሞላል። ሠርጉ ሳምንት ነው።»

በስምንተኛው ቀን ሙሽራዋን ወደ ዳር አመጧት። አዝጋሚው ታንኳውን በአበባ አስጊጦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ከእርሷ ይልቅ ፈርቶ ቆሟል። ቀዛፊው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ታንኳው እንዳይናወጥ አፍንጫውን አቅፎ ይዞ ነበር። እህቱ አየችው።

«ምለህልኝ ነበር» አለችው።

«ምዬልሽ ነበር።»

እርሷም እጇን ራሱ ላይ አሳርፋ፣ እርሱን ተደግፋ አንድ እግሯን አስገባች።

«እስክቀመጥ አትልቀቀው።»

«አለቅም።»

ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ያኔ ለቀቀው።

አዝጋሚው አሻግሯት ሲመለስ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ሰው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ይበላል፤ ይጨፍራል። ቀዛፊው ግን እዚያው ዳር ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ታንኳው ሲጠጋ ውሃው ውስጥ ገባና እጁን ከሥር አስገብቶ ከሆዱ ያዘው።

«ተው እንጂ!» አለ አዝጋሚው። «የእህትህ ሠርግ ነው፤ ሂድ ብላ።»

«መጀመሪያ ይህ ይቁም» አለ ቀዛፊው።

ጋሽ ደርበው ትረካቸውን እዚህ ላይ አበቁ። ከውጭ የአሰልጣኙ ፉጨትና የሚሮጡ ሰዎች እግር ይሰማል።

«በሚቀጥለው ዓመትስ አሸነፈ?» አለ ይታገሱ።

«አዲስ ታንኳ ሠራ። ሦስተኛ ወጣ።»

«ሦስተኛ ብቻ?»

«ሦስተኛ። ግን ራሱ ባደረቀው።»

ይታገሱ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ቀዛፊው እርስዎ ነዎት አይደል ጋሼ? ሐይቅ ዳር ነው ያደጉት ይባላል።»

«አይደለሁም» አሉ። «እኔ ታንኳም አባትም አልነበረኝም። ጠዋት ጆንያ እሸከማለሁ፤ ከሰዓት ኳስ እጫወታለሁ። ታኬታው የሰው ነው፤ ሁለት ቁጥር ይጠበኝ ነበር። እችል ነበር ይላሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጉልበቴ ሄደ። ያን ጊዜ ከሜዳ ያወጣኝ ሰው ስሜን አያውቀውም። ያለፈ ነው።»

በክለቡ በሠሩበት ሃያ ዓመት ውስጥ ከአፋቸው ይህን ያህል የወጣበት ቀን አልነበረም። የጠቀለሉትን ማሰሪያ ወደ ሣጥኑ ከተው ወደ ይታገሱ ዞሩ።

«እግሬን ምን ነካው ነው ያልከኝ። ስማ። ታንኳው ሰውነትህ ነው። ክንዱ የተሰጠህ ችሎታ ነው። ሌላው ተጫዋች ሁለት ቀን ካመሸ በሦስተኛው ቀን ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ያውቀዋል፤ ይተዋል። አንተ አልወደቅህም። ችሎታህ ክብደትህን ደበቀብህ፤ ሰዉም አጨበጨበልህ።

«አምና ለምን አልነካኝም አልክ። አምና እኔ ነበርኩ። ድራፍትህን ጠጥተህ፣ ጫትህን ቅመህ፣ ሳትተኛ ጠዋት ትመጣለህ። እግርህን አሽቼ አፍታታዋለሁ። ቁርስ አልበላሁም ስትለኝ የእኔን አበላሃለሁ። ትንሽ ጋደም በል ብዬ በሩን ዘግቼብህ እወጣለሁ። አሰልጣኙ የት አለ ሲለኝ፣ ጡንቻው ስቦታል፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁት እለዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽቼልሃለሁ። አንተ ደርቀህ ሜዳ ትገባለህ፤ አሥራ አራት ጎል ታገባለህ፤ እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አጨበጭባለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ተኛሁ። ከፋሲካ ወዲህ ያንተን ታንኳ ያወጣው ሰው የለም። ዓይን አይደለም ልጄ።

«በድዬሃለሁ። እኔን ያነሣኝ ስላልነበረ፣ አንተን ማንሣት ደግነት መሰለኝ። አያያዙን ላሳይህ ይገባኝ ነበር።

«አሰልጣኙ ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ አልዋሽህም። ከእንግዲህ መዋሸት ትቻለሁ። ምናልባት ሙሽራዋ ተሻግራለች። ግን አንድ ነገር ላይ ምሳሌው አንተን አይመስልም፤ እርሱን ልብ በል። ደንገል በየዓመቱ ይበቅላል፤ ያ ሰው ሌላ ታንኳ ሠራ። አንተ ሌላ አትሠራም። ያለህ ይህ ብቻ ነው።

«ሰኞ ዕለት ሳሽህ አውራ ጣቴን ጫን አድርጌ አይቼሃለሁ። ከብዷል። አልበሰበሰም። ይህ እጄ ብቻውን አያወጣህም፤ አንዱን ጎን ግን ይይዛል። ነገ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት እዚሁ ና፤ ሌላውን ጎን አንተ ከሆዱ ትይዛለህ።»